መርፌው ሥራ ከመጀመሩ በፊት፦ ስለ ጥልፍ ንድፍ ጥያቄና መልስ

በደሴ ከተማ በኮምፒውተር ለሚመራ የጥልፍ ማሽን የሀገር ልብስ ጥልፍ ንድፍ አወጣለሁ። ከወሎ ልዩ ልዩ ከተሞች ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል የንድፍ ሥራውን ውስጡን የሚነኩትን መርጬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ እትዬ፣ ሥዕሉን ለኮምፒውተሩ ከሰጡት በኋላ ጥልፉን የሚያወጣው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም? ታዲያ ንድፍ አውጪው ምን ይሠራል?

ሥዕልን በራሱ ወደ ስፌት የሚቀይር ፕሮግራም መኖሩ እውነት ነው፤ ውጤቱ ግን ለሀገር ልብስ የሚበቃ ሆኖ አላገኘሁትም። ሥዕሉ የቱ ቀይ፣ የቱ አረንጓዴ እንደሆነ ያሳያል እንጂ ክሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚተኛ፣ የትኛው ቅርጽ ቀድሞ እንደሚሰፋ፣ መርፌው ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚሻገር አያሳይም፤ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚወስነው ንድፍ አውጪው ነው። ቀጭን የአበባ ግንድ ከጠርዝ ጠርዝ በሚመላለስ ስፌት ይሞላል፤ ስፋቱ ከ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለፈ ግን ረጅሙ ክር ስለሚላላና ቀለበትና አምባር ስለሚይዘው፣ ቅርጹን ከፋፍሎ ወይም በአጫጭር ስፌት ሞልቶ መሥራት ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምጠነቀቅለት አቅጣጫው ነው፤ አንዱ አረንጓዴ ክር በቅጠሉ ግማሽ ወደ ግራ፣ በሌላው ግማሽ ወደ ቀኝ ቢያጋድል ብርሃኑን ለየቅል ስለሚመልስ፣ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ የተጠቀምን ይመስላል።

ከወልድያ፦ ክብ አድርጌ የሣልሁት አበባ ተጠልፎ ሲወጣ ሞላላ ይሆንብኛል። ጨርቁ የሸማኔ እጅ ሥራ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሥዕሉ አልተሳሳተም፤ ጨርቁ ተሰብስቦ ነው። ክሩ ተወጥሮ ስለሚሰፋ የቅርጹን ሁለት ጠርዞች ወደ መሐል ይስባቸዋል፤ ስለዚህ አበባው ስፌቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይጠባል። መድኃኒቱ ቅርጹን በዚያው አቅጣጫ በእያንዳንዱ ጠርዝ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል አስፍቶ መንደፍ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የተዛባ ቢመስልም ጨርቁ ላይ ክብ ሆኖ ይወጣል። በእጅ የተሸመነ ሸማ ድርና ማጉ ሳሳ ያለ በመሆኑ ከፋብሪካ ጨርቅ ይበልጥ ይሰበሰባል፤ በመሆኑም ዋናው ስፌት ከመምጣቱ በፊት ከሥሩ አቅጣጫው የተለየ ሳሳ ያለ ስፌት አስቀድማችሁ አስተኙ፣ ከጨርቁ ሥርም ደጋፊ ወረቀት አድርጉ። በ40 ቁጥር ክር (በተለመደው የማሽን ጥልፍ ክር) በሁለት የስፌት መስመሮች መካከል የተለመደው ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለሳሳ ሸማ ትንሽ ማራራቅ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ ከታጨቀ ጥልፉ እንደ ሰሌን ይደርቃል፣ መርፌውም ድሩን ይበጥሰዋል። ሸማውን ከመጥለፋችሁ በፊት አጥባችሁ እንዲኮማተር አድርጉ፤ ከተጠለፈ በኋላ ከተኮማተረ ጨርቁ በጥልፉ ዙሪያ ይጨማደዳል።

ከላሊበላ፦ የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ መስቀል ለቀሚስ ደረት ማውጣት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች ስላሉ፣ የሥራው ክብደት መስመሮቹ ላይ ሳይሆን በመስመሮቹ መካከል በሚቀረው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ክር ያብጣል፤ በወረቀት ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ጨርቁ ላይ ይደፈናል፤ ስለዚህ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ተዉለት፣ ቦታው ካልበቃም ከመስቀሎቹ አንዱን ቀንሱ። አራቱ ክንፎች እኩል ስለሆኑ ሩቡን ብቻ በጥንቃቄ ንደፉና ገልብጣችሁ አሟሉት። ማዕዘኖቹ ላይ ክሩ እንዳይከመር ሁለቱ ስፌቶች በ45 ዲግሪ አጋድለው ይጋጠሙ።

ከከሚሴ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ለጀለቢያ አንገት ያወጣሁትን ንድፍ ለልጆችም ለአዋቂዎችም ማሳነስና ማሳደግ እችላለሁ?

ወዐለይኩሙ ሰላም። የተዘጋጀውን የስፌት ፋይል ከ10 በመቶ በላይ አትለውጡት፤ ፕሮግራሙ ስፌቱን እንደገና ካላሰላ፣ ሲያድግ ይሳሳል፣ ሲያንስ ይታጨቃል። የአንገት ንድፍ ተደጋጋሚ ስለሆነ የቅርጹን መጠን ትታችሁ የድግግሞሹን ቁጥር ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

ከሐይቅ፦ ኮምፒውተር የለኝም፣ የምጠልፈው በሲንጀር ነው። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

በሚገባ ይመለከትዎታል፤ ኮምፒውተሩ የሚጠየቀውን ሁሉ በሲንጀር የሚወስነው የእርስዎ እጅ ነው። ንድፉን ጠንካራ ወረቀት ላይ ይሥሩና መስመሩን በመርፌ ይብሱት፤ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግተው በጨርቁ ላይ የሚታይ ቀለም ያለው የጠመኔ ዱቄት በጥጥ ሲያሹበት መስመሩ በነጠብጣብ ይወርዳል። ወረቀቱን ሲገለብጡት የግራው ወገን የቀኙ ይሆናል። በእስክሪብቶ ከመሣል ይቆጠቡ፤ ነጭ ሸማ ላይ ቀለሙ አይለቅም።

ከመርሳ፦ ስም ስጠልፍ ፊደሉ የማይነበበው ለምንድን ነው?

«ሴ»ን ይመልከቱ፤ ከታች ያለችው ቀለበት ከተደፈነች «ሲ» ትመስላለች። የእኛን ፊደል ከ8 ሚሊ ሜትር አሳንሼ አልነድፍም፤ ቀለበቷንም ከወረቀቱ ይልቅ አስፍቼ እከፍታታለሁ።

ከደሴ፦ ንድፌን ሌላ ሰው ቢቀዳብኝ ሕግ አለ?

አለ፤ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ (የምርት መልክና ቅርጽ) ጥበቃን ይደነግጋል፤ ይሁን እንጂ ንድፉ አዲስ መሆንና መመዝገብ አለበት። እናቶቻችን ሲጠልፉት የኖሩትን ሐረግና መስቀል ማንም የራሴ ነው ሊል አይችልም፤ መብትዎ ከዚያ ተነሥተው በጨመሩት አዲስ ነገር ላይ ነው። አዲስነቱን እንዳያጣም ሊያስመዘግቡ ያሰቡትን ንድፍ አስቀድመው ለገበያ አያውጡት።