ግድግዳዬን የሰነጠቀው የመሬት መንቀጥቀጡ ነው ወይስ አሠራሩ?

ጥያቄ፦ በ2013 ዓ.ም. ገና ሳይሠራ ከአንድ ሪል ስቴት አፓርታማ ገዝቼ በ2015 ተረከብኩ። የካቲት 7 ቀን 2017 ምሽት መሬት ሲንቀጠቀጥ የመኝታ ቤቴ ግድግዳና አጠገቡ ያለው ኮለን (ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ) ተሰነጠቁ። ሻጮቹ «የተፈጥሮ አደጋ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ምን መብት አለኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መኝታዎን ከዚያ ክፍል ያውጡ። የልስን ስንጥቅ ሌላ፣ የኮለን ስንጥቅ ሌላ ነው፤ መሐንዲስ ሳያየው እዚያ አይደሩ።

ሻጮቹ የሚመዙት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1793ን ነው። ከአቅም በላይ ለሆነ ኃይል ምሳሌ ሲሰጥ የመሬት መንቀጥቀጥን በስም ይጠራል። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 1792 ግን ክስተቱ ባለዕዳው (ግዴታ ያለበት ወገን፣ እዚህ ሻጩ) በተለምዶ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታውን ከመፈጸምም ፍጹም የሚያግደው እንዲሆን ይጠይቃል። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆ ጎረቤት ናት፤ የሕንፃ ኮዳችንም ዲዛይን ሲሠራ መንቀጥቀጥ እንዲታሰብ ያዛል። እንዲታሰብ የታዘዘውን «አላሰብነውም» ማለት አያስኬድም። የዚያ ምሽቱ መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ቢሆንም የተነሳው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ነው። አጠገብዎ ያሉት ሕንፃዎች ደህና ከሆኑ፣ መጠየቅ ያለበት ስለ ብረቱና ስለ ኮንክሪቱ ነው።

ጠንካራው መብትዎ ይኸውልዎ። ውሉ ሲፈረም ያልነበረ ቤት ሠርቶ ለማስረከብ የተገባ ውል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የግንባታ ሥራ ውል እንጂ ተራ ሽያጭ አይደለም። ስለዚህ ቁጥር 3039 ይከተላል፤ ሥራ ተቋራጩ (እዚህ ቤቱን ሠርቶ ለማስረከብ የተዋዋለው ሪል ስቴት) ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው። የእርስዎ ከ2015 ተቆጥሮ፣ በእኛው አቆጣጠር እስከ 2025 ዓ.ም. ይዘልቃል ማለት ነው። ጉድለቱ ከአሠራሩም ሆነ ከመሬቱ ጠባይ ቢመጣ በራሱ ወጪ ያድሳል። «አፈሩ ነው» የሚለው ሰበብም አያድነውም፤ ውልዎ ላይ ዋስትናውን የሚያሳጥር አንቀጽ ቢገኝ እንኳ ዋጋ የለውም።

እባክዎን ስንጥቁን አያስለስኑ። ብዙ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ በጂፕሰም ሸፍኖ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ቀን የሚታይበት ፎቶ ያንሱ፤ ከሻጮቹ ጋር ግንኙነት የሌለው መሐንዲስ በጽሑፍ ሪፖርት ያውጣ፤ ጥያቄዎን በደብዳቤ አድርሰው ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። የቤት መድን ካለዎት ውሉን ያንብቡ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሽፋን ብዙ ጊዜ ከእሳት መድን ላይ ለብቻው የሚጨመር ነው።

ኮለኑ ደግሞ የሕንፃው ነዋሪዎች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካላችሁ ስብሰባ ያስጠሩና ሌሎቹም ቤታቸውን ይፈትሹ፤ ክሱ በማኅበሩ ስም ቢቀርብ የተሻለ ነው።