መዝገብ ቤት የሚያውቀው የወረቀቱን ስም ነው

ከከተማ አስተዳደር ሰነድ ስለ መጠየቅ ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። ቀኑና አንቀጹ ከአገር አገር ስለሚለይ የምትኖሩበትን ቦታ ሕግ ማየት ግድ ነው። ጥያቄዎች የሚሰናከሉባቸው ምክንያቶች ግን በየትም ቦታ ተመሳሳይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአጥሬ ጋር ተያይዞ ባለ ሁለት ፎቅ ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ አሁን አምስተኛው ላይ ደርሷል። «ይህ እንዴት ተፈቀደ? ማንስ ፈቀደው?» ብዬ ለከተማው አስተዳደር ጻፍኩ። «ጥያቄዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል መልስ ከመጣልኝ ወዲህ ምንም የለም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ ያሰናከለው አጻጻፉ ነው። የመረጃ ነፃነት ሕጎች በጥቅሉ መሥሪያ ቤቱን የሚያስገድዱት በእጁ ያለውን ሰነድ እንዲሰጥ ነው፤ አዲስ ማብራሪያ ጽፎ እንዲያቀርብ አያስገድዱትም። «እንዴት ተፈቀደ?» የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲደርስ ሠራተኛው ከመደርደሪያ የሚያወርደው ማህደር የለም። ስለዚህ እንደ አቤቱታ ይቆጠርና ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል።

ደግነቱ ለእያንዳንዱ «እንዴት» ቢሮው ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት አለ። ሕንፃው ያለፈበትን መንገድ በሐሳብዎ ይከተሉት። ባለቤቱ ማመልከቻ ያስገባል፤ ፕላን ያቀርባል፤ ባለሙያ ይመረምረዋል፤ ፈቃድ ይወጣል። ፎቅ ሲጨመር የማሻሻያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ተቆጣጣሪ ቦታው ድረስ ሄዶ ሪፖርት ይጽፋል። ሁሉም በየደረጃው ወረቀት ትቶ ያልፋል። እነዚያን ወረቀቶች በስማቸው ይጥሯቸው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ካለፈው ዓመት ጥር 1 ቀን ጀምሮ ይህ ደብዳቤ ገቢ እስከሆነበት ቀን ድረስ፣ ከዚህ በታች ለተጠቀሰው አድራሻ የተሰጠው የግንባታ ፈቃድና ማመልከቻው፣ የማሻሻያ ፈቃድ ካለ ፈቃዱና አብሮት የቀረበው ፕላን፣ በቦታው የተደረጉ የቁጥጥር ሪፖርቶች፣ እንዲሁም ለባለቤቱ የተሰጡ ማስጠንቀቂያዎች ካሉ ግልባጫቸው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ከእነዚህ መካከል በመሥሪያ ቤቱ የሌለ ካለ አለመኖሩ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዉ። «የማሻሻያ ፈቃድ በማህደሩ ውስጥ የለም» የሚል ፊርማና ማህተም ያለበት ደብዳቤ ከመጣልዎ፣ ለቅሬታዎ ከፈቃዱ ራሱ የበለጠ ማስረጃ ይዘዋል። አድራሻው ላይ የቤት ቁጥርና ካወቁት የይዞታ ወይም የፈቃድ ቁጥር ይጨምሩ፤ ማህደር የሚፈለገው በቁጥር ነው። «ማንኛውም መረጃ» ከሚል አነጋገር ይራቁ። ሰፊ በሩን የከፈትን ይመስለናል እንጂ፣ «ጥያቄው ግልጽ አይደለም» ተብሎ እንዲመለስ ምክንያት የሚሰጠው እሱ ነው።

ሁለት ነገር እንጨምር። ቅሬታዎንና የሰነድ ጥያቄዎን በአንድ ደብዳቤ አያዋህዱ፤ ቅሬታው ሰነዱን ይዞት ይጠፋል። ፕላንን በተመለከተ ደግሞ፣ አንዳንድ ከተሞች በአርክቴክቱ የቅጂ መብት ወይም በደኅንነት ምክንያት ኮፒ አይሰጡም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ማየት ግን ይፈቅዳሉ። «ግልባጭ ካልተቻለ በአካል እንዳየው» ብለው ቀድመው ይጻፉ። ሲያዩም የፎቆቹን ብዛት፣ ከአጥር ያለውን ርቀትና ፕላኑ የጸደቀበትን ቀን በማስታወሻ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጥያቄዬን በእጄ ካስገባሁ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። በሄድኩ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» ነው። አዲስ ማመልከቻ ላስገባ?

መልስ፦ አያስገቡ። አዲስ ማመልከቻ ቀኑን ከአንድ እንደገና ያስጀምረዋል፤ የባከነው ስድስት ሳምንትም አብሮ ይሰረዛል። መጀመሪያ የሚታየው ያስገቡበት ማስረጃ መኖሩ ነው። ደብዳቤ ሲያስገቡ ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤቱ ይወስዳል፣ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ያስደርጉ። ያ ቀሪ ከሌለዎት አሁኑኑ ሄደው ከገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ያስፈልጉ። በኢሜይል ከላኩ የተላከበትን ቀንና የደረሰኝ ማረጋገጫውን ያስቀምጡ።

ቀጥሎ የጊዜ ገደቡን ያሰሉ። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገው 30 ቀን ነው። የብሪታንያ ሕግ 20 የሥራ ቀን ይሰጣል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት 5 የሥራ ቀን ሲሆን በምክንያት ሌላ 5 ሊጨመር ይችላል። የሕንድ ሕግ 30 ቀን ሰጥቶ፣ ጉዳዩ የሰውን ሕይወት ወይም ነፃነት የሚነካ ከሆነ ወደ 48 ሰዓት ያወርደዋል። «ቀን» እና «የሥራ ቀን» የሚሉትን ለይተው ያንብቡ፤ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ ቢያንስ አራት ቅዳሜና እሑድ አለ፣ በዓላትም አይቆጠሩም። አንዳንድ ቦታ በገደቡ ውስጥ መድረስ ያለበት ሰነዱ ራሱ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ በዋሽንግተን ግዛት መሥሪያ ቤቱ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ጥያቄው መድረሱን አረጋግጦ መቼ እንደሚሰጥ ከገመተ ግዴታውን ተወጥቷል።

«ጥያቄዎን ያብራሩ» የሚል ደብዳቤ መጥቶልዎ ሳይመልሱት ከቀሩ ደግሞ ሰዓቱ ቆሞ ሊሆን ይችላል። የኢሜይልዎን የማይፈለጉ መልእክቶች ማጠራቀሚያ ሳይቀር ይፈትሹ።

ከዚያ በኋላ አጭር የማስታወሻ ደብዳቤ ይጻፉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የገቢ ቁጥርና ቀን፣ ገደቡ ያለቀበት ቀን፣ ገደቡን የሚደነግገው አንቀጽ፣ መልስ የሚጠብቁበት ቀን፣ ግልባጭ ለቅሬታ ሰሚው፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ቃላቱ ጨዋ ይሁኑ፤ የሚሠራው ቁጥሩና ቀኑ ነው።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ብዙ ሰው ለከተማ አስተዳደር ሲጽፍ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውን የፌዴራል የመረጃ ነፃነት ሕግ ይጠቅሳል። ያ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን እንጂ ከተማን አይመለከትም። የሚጠቀሰው የግዛቱ ሕግ ነው፤ ስሙም የጊዜ ገደቡም ከግዛት ግዛት ይለያያል።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ መንገድ ሥራ ከተማው የተጻጻፋቸውን ኢሜይሎች ጠይቄ 4,000 ገጽ እንደሚሆንና አቅሜ የማይችለውን ክፍያ እንድከፍል ተነገረኝ። ልተወው?

መልስ፦ ከመተውዎ በፊት የክፍያውን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። ስንት ሰዓት ለፍለጋ? ስንት ገጽ ለኮፒ? የግል መረጃን ለመሸፈን ስንት ሰዓት? ሕጎች ከእነዚህ ሁሉንም እንዲያስከፍሉ አይፈቅዱም፤ ብዙ ቦታ የሚከፈለው ኮፒው ብቻ ነው። ሰነዱ በኮምፒውተር ላይ ካለ ደግሞ በሶፍት ኮፒ ይጠይቁ። ገጽ ያልታተመበት ሥራ በገጽ የሚታሰብበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የለም።

ዋናው መፍትሔ ግን ጥያቄውን ማጥበብ ነው። ኢሜይል የሚፈለገው በአራት ነገር ነው፦ ከማን፣ ለማን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኛው ቃል። «ስለ መንገዱ ሥራ የተጻፈ ኢሜይል ሁሉ» ከማለት «የመንገድ ክፍሉ ኃላፊና የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ከመጋቢት 1 እስከ ሚያዝያ 30 ከተቋራጩ ጋር የተጻጻፉት፣ የመንገዱ ስም ወይም የውሉ ቁጥር ያለበት» ይበሉ። ወሩን እንዴት ይመርጣሉ? መጀመሪያ ትንሹንና ርካሹን ሰነድ ይጠይቁ፦ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ። ውሳኔው መቼ እንደተላለፈ ካወቁ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው ቁም ነገሩ ያለባቸው።

የሥራው ብዛት ራሱ እንቢ ማለቻ የሚሆንበት ሕግም አለ። በብሪታንያ ሰነዱን ለማፈላለግና ለማውጣት ከ18 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጥያቄን የአካባቢ አስተዳደር ላለመቀበል ይችላል። ሆኖም ጥያቄውን እንዴት እንደሚያጠቡት የመምከር ግዴታ አለበት፤ ያንን ምክር በግልጽ ይጠይቁ። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ላይም «ክፍያው ከዚህ መጠን በላይ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይነገረኝ» ብለው መጠኑን ይጻፉ፤ ድንገተኛ ሒሳብ ከሚመጣብዎ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ የከተማውን የቆሻሻ ማንሻ ውል ጠየቅኩ። ውሉ መጣ፤ ግን የነጠላ ዋጋው በጥቁር ተሸፍኗል፣ አባሪዎቹም የሉም። ምክንያቱ «የንግድ ምስጢር» ነው ተባልኩ።

መልስ፦ የንግድ ምስጢር በብዙ ሕግ የታወቀ ገደብ ነው። ሆኖም ስሙን መጥራት ብቻ አይበቃም። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። በየትኛው አንቀጽ ነው የተሸፈነው? እያንዳንዱ የተሸፈነ ቦታ ለየብቻው ነው ወይስ በጅምላ? አባሪዎቹስ ሙሉ በሙሉ የተከለከሉበት ምክንያት ምንድን ነው? በአብዛኞቹ ሕጎች ሊሰጥ የሚችለው ክፍል ከማይሰጠው ተለይቶ መሰጠት አለበት። አንድ መስመር ምስጢር ስላለበት ሃያ ገጽ አባሪ በሙሉ አይከለከልም። ምስጢር ነው ያለው ድርጅቱ ከሆነም፣ የመወሰኑ ኃላፊነት የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የድርጅቱ አይደለም።

ይግባኝዎን እያዘጋጁ ሳለ ያንኑ ቁጥር በሌላ በር ይፈልጉት። ተወዳዳሪዎች ባሉበት የተከፈተ ጨረታ ከሆነ የተጫራቾች ዋጋ በመክፈቻው ዕለት ይነበባል፤ የጨረታ መክፈቻ ቃለ ጉባኤውን ይጠይቁ። በየወሩ የተከፈለው ገንዘብ የክፍያ ማዘዣው ላይ አለ። የተነሳው ቆሻሻ መጠን በክፍያ ጥያቄው አባሪ ላይ ከተገለጸ፣ ነጠላ ዋጋው በማካፈል ይወጣል። የኦዲት ሪፖርትም እንዳይረሱ። የሕዝብ ገንዘብ በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ አይመዘገብም፤ ለዚህ ነው አንድ ቦታ የተሸፈነ ቁጥር ሌላ ቦታ ገልጦ ማየት የሚቻለው።

የይግባኝ ቀን እንዳያመልጥዎ። በኒው ዮርክ ግዛት ለምሳሌ እንቢታው ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ነው የሚቀርበው። በብሪታንያ መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት እንዲከልሰው ይጠየቃል፣ ከዚያ ወደ መረጃ ኮሚሽነሩ ይኬዳል። በኢትዮጵያ አቤቱታውን የሚያየው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። ይግባኙ ላይ ስለ ባለሥልጣናቱ ጠባይ አይጻፍም። የተሸፈነውን ገጽና መስመር ቆጥረው፣ አንቀጹን ጠቅሰው፣ ለምን እንደማይመለከተው በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። ሰነዱ መገለጡ ለሕዝብ ያለው ጥቅም ከመሸፈኑ ጥቅም ጋር እንዲመዘን ሕጉ የሚያዝዝ ከሆነ ያንንም ያንሱ።

ጥያቄ፦ «የጠየቁት ሰነድ የለም» ተባልኩ። ሰነዱ እንዳለ ግን በእርግጠኝነት አውቃለሁ።

መልስ፦ «የለም» ሦስት ትርጉም አለው፦ ጭራሽ አልተጻፈም፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ጋ ነው፣ ወይም የማቆያ ጊዜው አልቆ ተወግዷል። የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የት የት እንደተፈለገ በጽሑፍ ይገለጽልዎ፤ ሌላ ቦታ ካለ ጥያቄው ይተላለፍ፤ ተወግዶ ከሆነ የማስወገጃው መዝገብ ይታይ። ሰነዱን እንዴት እንዳወቁትም ይንገሯቸው። «በዚህ ቀን ወጪ በሆነው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ የተጠቀሰው ሪፖርት» ካሉ መካዱ ይከብዳል።

የካሜራ ቀረጻ ከሆነ ግን አንድም ቀን አይጠብቁ። ብዙ ካሜራዎች በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የቆየውን ቀረጻ አጥፍተው በላዩ ላይ አዲስ ይቀርጻሉ። በዚያው ዕለት ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰው «እንዳይጠፋ ተለይቶ ይቀመጥልኝ» የሚል ደብዳቤ ያስገቡ፤ የሰነድ ጥያቄው ከኋላ ሊከተል ይችላል።

ጥያቄ፦ ለምን እንደፈለግሁት ማስረዳት አለብኝ? ዜጋ አለመሆኔስ ይከለክለኛል?

መልስ፦ በአብዛኞቹ ሕጎች ምክንያት መስጠት ግዴታ አይደለም። የቅጹ ላይ «ዓላማ» የሚል ቦታ ካለ ባዶ ቢተውት ይቻላል ወይ ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ክፍያ እንዲቀነስልዎ ወይም ጉዳዩ እንዲፋጠን ከፈለጉ ግን ምክንያቱን መግለጽ ይጠቅማል።

የዜግነቱ ነገር ይለያያል። በብሪታንያ ማንም ሰው ከየትም ሆኖ መጠየቅ ይችላል፤ የሕንድ ሕግ ግን መብቱን ለዜጎች ነው የሰጠው። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ሕጉ መብቱን በዋናነት ለግዛቱ ነዋሪ ዜጎች ይሰጣል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን አጽንቷል። እንዲህ ያለ ገደብ ካጋጠመዎ መብቱ ያለው ሰው ያንኑ ደብዳቤ በራሱ ስም ሊያስገባው ይችላል። የሚፈልጉት ስለ ራስዎ የተያዘ ማህደር ከሆነ ደግሞ ብዙ ቦታ መንገዱ ሌላ ነው፦ በግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ይጠየቃል።