ገዥ፣ አገረ ገዥ ወይስ ርእሰ መስተዳድር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። ከሥራ መልስ ለአንድ የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ አርማለሁ። ሰሞኑን የአሜሪካ ስቴቶችን የአሁን መሪዎች፣ በእንግሊዝኛ “ገቨርነር” የሚባሉትን፣ የሚዘረዝር ሰንጠረዥ እንዳይ ተሰጠኝ። ልብ አውልቅ ነው። አንዱ ረድፍ ላይ “ገዢ” ይላል፣ ሌላው ላይ “አገረ ገዥ”፣ ዝቅ ሲል ደግሞ “ርዕሰ መስተዳድር”። ሁሉም “ተሾሙ” ተብለዋል። ከላይ “እስከ ጥር 2017” የሚል ማሳሰቢያ አለ። ምንጩ ጋ “ከዜና የተገኘ” ተብሎ ታልፏል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከስሙ ጀምሪ። ስሙ ከተበላሸ ግሡም ይበላሻል፤ ግሡ ሲበላሽ የትኛውን ምንጭ መፈለግ እንዳለብሽም ይጠፋሻል።

“ገዛ” በአማርኛ ሁለት ሥራ አለው። ሰው በግ ይገዛል፣ ሰው አገርም ይገዛል። አንድ ተማሪዬ “የቴክሳስ ገዥ” የሚል ዜና አንብቦ “ለመሆኑ ማን ሸጠለት?” ብሎ ክፍሉን አስቆታል። ቀልዱ ግን ሥር አለው። የግእዙ “ገዝአ” ባለቤት መሆንን፣ ጌታ መሆንን ይይዛል። “እግዚእ” ከዚያው ቤት ነው። “እግዚአ ብሔር” ስትይ “የአገር ጌታ” ማለትሽ ነው፤ በግእዝ ብሔር አገር ነውና። እንግዲህ “አገረ ገዥ” የሚለው ስም ከማን ጋር እንደሚዛመድ እይው። ለአራት ዓመት ለተመረጠ ሰው ትንሽ ሳይከብድ አይቀርም።

ፊደሉን በአጭሩ ላንሳው። ሸጠ ሻጭ ይሰጣል፣ ያዘ ያዥ ይሰጣል። በዚሁ መንገድ ገዛ ገዥ ይሰጣል። “ገዢ” የሚሉም ብዙ ናቸው፣ በመጻሕፍትም አለ። እኔ ገዥን እመርጣለሁ። አንቺ ሌላውን ብትመርጪ አልጣላሽም፣ ነገር ግን ሃምሳውም ረድፍ ላይ አንድ ይሁን።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እኛ አገር የዚህ ሥልጣን ስም በየዘመኑ ተቀያይሯል። በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት ነበር። ላዩ ላይ ጠቅላይ ገዥ ወይም እንደራሴ ይቀመጣል፤ ከሥሩ የአውራጃ ገዥ፣ የወረዳ ገዥ እያለ ይወርዳል። “እንደራሴ” የሚለውን ቃል ልብ በይው። “እንደ ራሴ” ማለት ነው። ራሴ የሚለው ንጉሡ ነው። ዛሬ ግን “የሕዝብ እንደራሴ” እንላለን፣ “ራሴ” ባዩ ሕዝቡ ሆኗል። ደርግ መጣና ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር አለው፣ ገዥውን አስተዳዳሪ። “ገዥ” ዘውድ ዘውድ ሸተተ መሰለኝ። ከዚያ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ክልልን ይዞ መጣ፤ ከክልል ጋር ርእሰ መስተዳድር ተለመደ።

ስለዚህ “ርእሰ መስተዳድር” ስትይ አንድ የተለየ አሠራር እየጠራሽ ነው። ክልሉ ምክር ቤት አለው። ሕዝብ የምክር ቤቱን አባላት ይመርጣል። ርእሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው ግን ምክር ቤቱ ነው። ሰውዬው የቆመው በምክር ቤቱ ድምፅ ነው። (ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል “ፕሬዚዳንት” ማለትን ያዘወትራሉ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ደግሞ ከንቲባ ነው ያላቸው። የአገራችንን ሰንጠረዥ የምትሠሪ ቀን ይህንንም ታገኚዋለሽ፤ የክልሎቹ ቁጥር ራሱ ከ9 ወደ 12 ከፍ ብሏል።)

የአሜሪካው ሰው እንዲህ አይደለም። ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። የስቴቱ ምክር ቤት ቢወደውም ባይወደውም ዘመኑ እስኪያልቅ ወንበሩ ላይ ነው፤ በክስ ካላነሡት ወይም መራጩ ራሱ መልሶ ካላወረደው በቀር። “ርእሰ መስተዳድር” ብትይው አንባቢሽ ባሕር ዳርን ወይም ሐዋሳን አስቦ የሌለ ነገር ይረዳል።

ህንድ ላይ ነገሩ ጭራሽ ይገለበጣል። ህንድ 28 ስቴቶች አሏት፤ እያንዳንዱም በእንግሊዝኛ የአሜሪካውን ስም የያዘ ሰው አለው። ሰውዬውን የሚሾመው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። ሥራው አብዛኛው ሥነ ሥርዓት ነው። የዕለት ተዕለቱን መንግሥት የሚመራው ሌላ ሰው ነው፣ “ዋና ሚኒስትር” የሚሉት፤ እሱ የሚወጣው ከስቴቱ ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ለእኛ ርእሰ መስተዳድር የሚቀርበው ይኸኛው ነው! ለላይኛው ብትፈልጊ “እንደራሴ” በይው፣ በጥንቱ ፍቺው ልኩ ነው። ወደ ጎረቤት ስትመጪ የኬንያ 47 ካውንቲዎች መሪዎች በሕዝብ ድምፅ ስለሚመረጡ ከአሜሪካው ጋር ይመደባሉ።

እና ለአንቺ ሰንጠረዥ “አገረ ገዥ” ይሁን። ከበግ ገዥ ይለያል፤ በዜናም ተለምዷል፤ ጆሮ አይቆረቁርም። “አስተዳዳሪ” ስሕተት ባይሆንም የቀበሌውንም፣ የሆቴሉንም፣ የኮምፒውተሩንም ሰው ስለሚጠራ ሰፍቶብኛል።

“ስቴት” ወይስ “ግዛት” የሚለውን አልጠየቅሽኝም። ግን ልትጋጪበት ነው። የአገረ ገዥዎቹ ብሔራዊ ማኅበር ከ1908 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለ ነው፤ አባላቱ 55 ናቸው። ስቴቶቹ 50 ናቸውና አምስቱ ከየት መጡ? ፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋም፣ የአሜሪካ ሳሞአ፣ የሰሜን ማሪያና ደሴቶችና የቨርጂን ደሴቶች ናቸው። እነዚህ ስቴት አይደሉም፤ በአሜሪካ ሥር ያሉ ይዞታዎች ናቸው። ሃምሳውን “ግዛት” ካልሽ አምስቱን ምን ልትያቸው ነው? “ግዛት” በጥሬ ፍቺው የተገዛ፣ የተያዘ አገር ስለሆነ ለአምስቱ ነው የሚስማማው። ሃምሳውን እናንተ እዚያ ያላችሁት እንደምትሉት “ስቴት” በያቸው። “የትኛው ስቴት ነሽ?” ሲባል የማይገባው አበሻ አላጋጠመኝም። ዝርዝርሽ ከሃምሳው ካላለፈ ግን “ግዛት” ብትይም ማንም አይስትም። ዋሽንግተን ዲሲን ከዚህ አውጪያት፤ እሷ ከንቲባ ነው ያላት።

አሁን “ተሾሙ” ወደሚለው። ሹመት ሿሚ ይፈልጋል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ውስጥ ሰውዬው የሾመውና የሻረው ጌታ ከጀርባው ቆሟል። የአሜሪካው አገረ ገዥ ሿሚ የለውም። ወይ ተመርጧል፣ ወይ ተተክቷል። እነዚህ ሁለቱ መለየት አለባቸው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚደበቀው እዚህ ነው።

ደላዌርን ውሰጂ። አገረ ገዥው ጆን ካርኒ ዘመናቸው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዊልሚንግተን ከተማ ከንቲባ ሆኑና ለቀቁ። ቀኑ የእኛ ገና ነበር፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.። ምክትላቸው ቤተኒ ሆል ሎንግ ተተኩ። ጥር 13 ቀን ደግሞ የተመረጡት ማት ማየር ተረከቡ። ማየር ቀደም ብለው በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ያሸነፉት እኚያኑ ሴትዮ ነበር። ሁለት ሳምንት! ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ሲያይ እጁ “ተጠባባቂ” ወደሚለው ይሄዳል። ስሕተት ነው። በደላዌር ሕግ ወንበሩ ሲለቀቅ ምክትሉ ሙሉ አገረ ገዥ ይሆናል። ሴትዮዋ በተራ ቁጥር 75ኛዋ ናቸው፣ ማየር 76ኛው።

በማሳቹሴትስ ግን ወግ ሌላ ነው። እዚያ ወንበሩ ሲለቀቅ ምክትሉ ሥራውን ይሠራል እንጂ ስሙን አይወርስም። ጄን ስዊፍት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 እስከ 2003 መጀመሪያ ድረስ ስቴቱን ሲመሩ “ተጠባባቂ” ነበሩ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀራቸው ተጠባባቂ፣ የሁለት ሳምንቷ ሙሉ። በቆይታው ርዝመት አትመዝኚ፤ የስቴቱን ሕግ እይ።

ለሰንጠረዡ “ሥራ የጀመሩበት ቀን” የሚል ዓምድ ይበቃሻል፤ አጠገቡ “በምርጫ” ወይም “በመተካት”። ኒውዮርክ ላይ ኬቲ ሆኩል ነሐሴ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተካት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ በምርጫ ቀጠሉ። “ተመረጡ” ብለሽ ያንን ነሐሴ ብትጽፊ በዚያ ወር ምርጫ አልነበረም።

“እስከ ጥር 2017” ሁለት ጊዜ ያሳስታል። አንደኛ “እስከ” ወሰን ያበጃል። “እስከ ማክሰኞ ቤት ነኝ” ያለሽን ሰው ረቡዕ ሄደሽ አትፈልጊውም። ማሳሰቢያው ሃምሳውንም በጥር አሰናብቷቸዋል! “በጥር 15 ቀን እንደተረጋገጠው” በይ፤ ነገሩ ያልቃል። “የአሁን” የሚለውንም ከርእሱ አውጪው። አሁን የማን ነው? የጸሐፊው ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው? “በሥልጣን ላይ ያሉ” ብትይና ቀኑን ብትጨምሪ አንባቢ ራሱ ያሰላዋል።

ሁለተኛ፣ የማን 2017? የአላባማዋ ኬይ አይቪ ከሥልጣን የለቀቁትን ሰው ተክተው የጀመሩት በ2017 ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ማየርም በ2017 ጀመሩ፣ በእኛ። በመካከላቸው ስምንት ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ገደማ ነው የሚቀረው። ሰንጠረዥሽ ላይ ግን ጎን ለጎን የአንድ ዓመት ሰዎች ይመስላሉ። ለአሜሪካ ሰው የአሜሪካውን ቀን ብትጽፊ አልከፋም፣ “እ.ኤ.አ.” ግን አትርሺ። መቀላቀል ነው ክፉው።

አሁን ምንጩ። “ምንጭ” እና “ዋቢ” አንድ ቃል አድርገን እንጠቀምባቸዋለን። መሠረታቸው ግን ይለያያል። ምንጭ ውኃው የወጣበት ነው፤ ደፍርሶም ሊወጣ ይችላል። ዋቢ በቀደመው ፍቺው ዋስ ነው፣ ስሙ ተጠርቶ የሚቆምልሽ። “ከዜና የተገኘ” ምንጭ ነው፤ ዋቢ አይደለም። ማን ነው የሚቆመው? የትኛው ጋዜጣ፣ በየትኛው ቀን?

ዋቢውም ለምን እንደቆመ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ፖርቶ ሪኮ ላይ ሪካርዶ ሮሴዮ ነሐሴ 2 ቀን ለቀቁ። ፔድሮ ፒየርሉዊሲ በዚያው ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የዚያን ቀን ጋዜጣ “ቃለ መሐላ ፈጸሙ” ሲል እውነቱን ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ግን የደሴቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥልጣን የያዙበት መንገድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ አነሣቸው። የፍትሕ ኃላፊዋ ዋንዳ ቫዝኬዝ ወንበሩን ያዙ። ጋዜጣው አልዋሸም። የዋሸው በዚያ ጋዜጣ ተደግፎ ሰውዬውን ሰንጠረዡ ላይ የተዋቸው ሰው ነው። ስለዚህ ለየረድፉ ሁለት ነገር ያዢ። ሥራ የጀመሩበትን የዚያን ዕለት ዜና አንድ። ዛሬም እዚያው መኖራቸውን የሚመሰክር አንድ፣ የስቴቱን የራሱን ገጽ ወይም ያን የአገረ ገዥዎች ማኅበር። ሁለተኛውን ባየሽው ቁጥር ያየሽበትን ቀን ጻፊ። የቨርጂኒያን ረድፍ በተለይ አትርሺው፤ እዚያ አንድ ሰው ሁለት ዘመን አከታትሎ መያዝ ስለማይችል በየአራት ዓመቱ ስሙ መቀየሩ አይቀርም። ኒው ሃምፕሸርና ቨርሞንት ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚመርጡት።

አንድ ነገር ቀረ፣ አንቱታው። “ጀመሩ፣ ተተኩ፣ ናቸው” ስንል ወንድና ሴቱ አይለይም። “ኬይ”ን አይቶ ሴት መሆናቸውን የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ጥቂት ነው። ግሡን ከአንቱታ አታውርጂ፤ ስሙ ፊት “ወ/ሮ” እና “አቶ” ይግባ። “ርዕሰ”ንም፣ ሌላ ቦታ ከተጠቀምሽበት፣ በአልፋው አ ጻፊው፣ “ርእሰ” ብለሽ፤ ግእዙ “ርእስ” ነው። ጋዜጦች በዓይኑ ዐ ስለለመዱት የሚቆጣሽ ይኖራል፣ ቻይው።

የአንቺው ስቴት ረድፍ እንዲህ ይሆናል፦ ሜሪላንድ፤ አቶ ዌስ ሙር፤ በምርጫ፤ ሥራ የጀመሩት ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.። ከተራ ዕለት ነበር።