የማይክሮስኮፕ ምስልን ስለ ማድመቅ

ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ ማሳዎች በሰበሰቡት የስንዴ ዋግ ላይ ያነሱት የማይክሮስኮፕ ምስል ስለ ጨለመ «ስፖሮቹን (ዋጉ የሚራባባቸውን ደቃቅ ዘሮች) ብቻ ባደምቃቸው ማጭበርበር ይሆናል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። አዎን፣ ስፖሮቹን ብቻ ነጥሎ ማድመቅ አይፈቀድም፤ በመላው ምስል ላይ ብርሃኑን እኩል ከፍ ማድረግ ግን፣ የነበረውን ነገር እስካልደበቀና በጥናት ጽሑፉ ላይ እስከተገለጸ ድረስ፣ ተቀባይነት አለው። ከስፖሮቹ ጀርባ የሚታየውን የአቧራ ነጥብ እንኳ አያጥፉ።

1. ካሜራው ያወጣውን ፋይል፣ የሚቻል ከሆነ በቲፍ (TIFF) ቅርጸት፣ ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ጄፔግ (JPEG) የተባለው ቅርጸት ግን እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከዝርዝሩ ይቀንሳል።
2. የሚያስተካክሉት ቅጂውን ብቻ ይሁን፤ ያደረጉትንም በቅደም ተከተል ይመዝግቡ።

በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርዎ። ፋይሎቼን «ምስል 1»፣ «ምስል 2» እያልሁ በመሰየሜ የአንዱን ማሳ ቅጠል በሌላው ማሳ ስም ደግሜ አስገብቼ ነበር፤ ስሕተቱን ያወቅሁት ገምጋሚው ዋናውን ፋይል ሲጠይቀኝ ነው። የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው 20,621 ጽሑፎች 3.8 በመቶው አጠራጣሪ ምስል ተገኝቶባቸዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ እንደ እኔ ያለ የአያያዝ ስሕተት እንደሚኖር አልጠራጠርም። ስለዚህ ማሳውን፣ ቀኑንና የማጉያውን መጠን በእያንዳንዱ ፋይል ስም ላይ ምስሉን ባነሱበት ዕለት ይጻፉ።