የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለመንገድም ለሜዳም የሚሆን አጭር ሞላ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ባሕር ዳር ነው። ያገለገለ ቶዮታ 86 አለኝ። ሥራ የምመላለስበትም፣ እናቴን ለመጠየቅ ዳንግላ የምሄድበትም፣ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በደጀን በኩል ዓባይን ተሻግሬ አዲስ አበባ የምደርስበትም ይኸው መኪና ነው። ከዚህም ሌላ ከጓደኞቼ ጋር ለሌላ ተሽከርካሪ በተዘጋ ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ፣ በኮን በተከለለ መስመር ሰዓት እየያዝን እንነዳለን። አሁን መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ልገጥም አስቤ 20፣ 30 እና 45 ሚሊሜትር የሚያወርዱ ሦስት ዓይነቶች ቀርበውልኛል። ሻጩ ለሜዳ የሚሻለው 45 ሚሊሜትር የሚያወርደው ነው ይለኛል። አሞርዛተሮቹ ከፋብሪካ የመጡት ናቸው። የትኛውን ብመርጥ ይበጀኛል?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከሦስቱ 20 ሚሊሜትር የሚያወርደውን ይምረጡ፤ 45 ሚሊሜትር የሚያወርደውን ግን አሁን ባሉት አሞርዛተሮች (የሞላውን መወዛወዝ በሚገቱት) ላይ በምንም ምክንያት አይግጠሙት። ሻጮች ሞላን የሚያስተዋውቁት መኪናውን ስንት ሚሊሜትር እንደሚያወርድ በመናገር ነው። እርስዎ ሊጠይቁት የሚገባው ግን መኪናው ከወረደ በኋላ ጎማው ወደ ላይ የሚነሣበት ስንት ሚሊሜትር ጉዞ እንደሚቀር ነው፤ ምክንያቱን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

በመጀመሪያ ዝቅ ማለት የሚሰጠውን ጥቅም በልኩ እንየው። መኪና ሲታጠፍ ከውስጥ በኩል ካሉት ጎማዎች ወደ ውጭዎቹ የሚዛወረው ክብደት የሚወሰነው በመኪናው ክብደት፣ በመታጠፉ ኃይል፣ በክብደቱ ማዕከል ከፍታና በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ባለው ስፋት ነው። የእርስዎ ዓይነት መኪና ሞተሩ ጠፍጣፋና ዝቅ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 46 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ላይ 2 ሴንቲሜትር ቢቀንሱ የሚዛወረው ክብደት ከመቶ 4 ያህል፣ 4.5 ሴንቲሜትር ቢቀንሱ ደግሞ ከመቶ 10 ያህል ይቀንሳል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ቢሆንም ሰዓትዎን በእጅጉ የሚለውጥ አይደለም፤ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣውን 215/45 አር 17 ጎማ በተሻለ የሚይዝ ጎማ መተካት ከማንኛውም አጭር ሞላ የበለጠ ውጤት እንደሚያስገኝ ያለ ጥርጥር እነግርዎታለሁ።

ዋናው ጉዳይ ግን የቀረው ጉዞ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ፣ በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለው የላስቲክ መቆሚያ እስኪነካ ድረስ ጎማው ወደ ላይ ሊነሣ የሚችልበት 60 ሚሊሜትር አለ እንበል። 30 ሚሊሜትር የሚያወርድ ሞላ ሲገጥሙ የሚቀርዎት ግማሹ ነው። ሞላ የሚቀበለው ኃይል የሚያድገው በጉዞው ርዝመት ብቻ ሳይሆን ጉዞው በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ ቀድሞ በ60 ሚሊሜትር ይቀበለው የነበረውን ምት በ30 ሚሊሜትር ለመቀበል የሞላው ጥንካሬ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። ለመንገድ ተብለው የሚሸጡት አጫጭር ሞላዎች ግን ከፋብሪካው የሚጠነክሩት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ15 እስከ 30 ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው ያ የላስቲክ መቆሚያ ነው፤ ይህም ማለት መኪናው በሞላ ላይ ሳይሆን በላስቲክ ላይ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህ በመንገድ ላይ የሚሰማው እንደ ምት ነው፤ በሜዳ ላይ ግን አደገኛ ይሆናል። መኪናው በጠባብ መታጠፊያ ውስጥ ተጋድሞ ሳለ የውጭው የፊት አሞርዛተር መቆሚያውን ከነካ፣ የዚያ ጥግ ጥንካሬ በአንድ ቅጽበት ብዙ እጥፍ ይጨምርና የፊት ጎማው ይንሸራተታል፤ የነካው የኋላው ከሆነ ደግሞ ጅራቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። በኮኖቹ መካከል መኪናዬ አንዳንዴ ይታዘዛል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል የሚሉ አሽከርካሪዎች ብዙውን ጊዜ ጎማቸውን ይወቅሳሉ፤ እኔ ግን አስቀድሜ የማየው መቆሚያውን ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ይህን በራስዎ መኪና ላይ መለካት ይችላሉ። በእያንዳንዱ አሞርዛተር ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አጥብቀው እስከ ታች ይግፉትና ከባሕር ዳር እስከ ዳንግላ እንደ ልማድዎ ነድተው ይመለሱ። ማሰሪያው ወደ ላይ ተገፍቶ የቆመበት ቦታ በዚያ መንገድ ላይ የተጠቀሙበትን ትልቁን ጉዞ ያሳይዎታል። ከዚያም በሜዳው ላይ ከነዱ በኋላ እንደገና ይለኩ። ማሰሪያው አሁኑኑ፣ በፋብሪካው ሞላ፣ ከመቆሚያው አጠገብ እየደረሰ ከሆነ፣ የሚቀንሱት እያንዳንዱ ሚሊሜትር ካለዎት የሚወሰድ እንጂ ከትርፍ የሚወሰድ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ከሞላው ጋር አጠር ያለ መቆሚያ አብረው ይልካሉ፤ ይህ መልካም ነው። መቆሚያውን በቢላዋ እየቆረጡ ማሳጠር ግን አሞርዛተሩ ውስጡ ከታች እንዲመታ ወይም ጎማው የአካሉን ጠርዝ እንዲነካ ሊያደርግ ስለሚችል በአምራቹ ልክ ካልሆነ አይሞከር።

ስለ ጥንካሬው ደግሞ አንድ ስሌት ላቅርብልዎ። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ ሞላው የሚሸከመው 300 ኪሎ ቢሆን፣ አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 2.5 ኪሎ የሚፈልግ ሞላ መኪናውን በሰከንድ 1.4 ጊዜ ያህል ያወዛውዛል፤ 3.5 ኪሎ የሚፈልገው 1.7 ጊዜ፣ 5 ኪሎ የሚፈልገው ደግሞ 2 ጊዜ ያህል። ለዕለት መንገድ የሚመቸው ከ1 እስከ 1.5 ያለው ነው፤ እስከ 2 ያለው ለስፖርት መኪና ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለስላሳ ሜዳ ላይ እንጂ ከባሕር ዳር ዋና ጎዳና ወጣ ብሎ በኮብልስቶን መንደር ውስጥ ለሚሄድ ሰው አይሆንም። በእርስዎ ሁኔታ ከ1.6 እስከ 1.7 ባለው ውስጥ ቢቆዩ ሁለቱንም አገልግሎት ያገኛሉ። የኋላውን ሞላ ቁጥር ሲያዩ ግን አይደንግጡ። የኋላው ሞላ የሚቀመጠው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሆነ፣ ጎማው 10 ሚሊሜትር ሲነሣ ሞላው 7.5 ሚሊሜትር ብቻ ቢጨመቅ፣ በጎማው ላይ የሚሰማው ጥንካሬ 0.75 በ0.75 ተባዝቶ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የኋላው በወረቀት ላይ ከፊተኛው ጠንክሮ ቢታይ ስሕተት አይደለም።

ሞላ ሲጠነክር አሞርዛተሩም አብሮ መጠንከር አለበት፤ የሞላውን መመለስ የሚገታው እሱ ነውና። ከ2.5 ወደ 3.5 ኪሎ ሲሄዱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ የመግታት አቅም ከመቶ 18 ያህል ሲሆን፣ ጤናማ የፋብሪካ አሞርዛተር ይህን በመጠኑ ይችለዋል። ወደ 5 ኪሎ ከሄዱ ግን ከመቶ 40 በላይ ስለሚጨምር መኪናው ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በኋላ ሲዘል ይቀራል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ አይታዘዝም፣ ፍሬንም አይይዝም። የእርስዎ አሞርዛተሮች ከ80,000 ኪሎሜትር በላይ ሠርተው ከሆነ ወይም ዘይት ማላብ ከጀመሩ፣ ለሞላ ያሰቡትን ገንዘብ ይዘው ይቆዩና ሁለቱን አንድ ላይ ይግዙ። ሞላውን ዛሬ አሞርዛተሩን በሚቀጥለው ዓመት የሚለው አካሄድ የእጅ ዋጋውንም ሁለት ጊዜ ያስከፍልዎታል። ሲጨመቅ ጥንካሬው ደረጃ በደረጃ የሚጨምረውና ከላይ እስከ ታች እኩል ጥንካሬ ያለው ሞላ ሁለቱም ይሸጣሉ፤ ለሜዳ እኩሉ ይሻላል፣ ምክንያቱም መኪናው በመታጠፊያ ውስጥ የሚሰጠው ስሜት አይለዋወጥም።

የፊተኛው ክፍል አሠራርም ዝቅታን የሚገድብበት ምክንያት አለው። በእርስዎ መኪና ፊት ላይ አሞርዛተሩ ራሱ ጎማውን ይዞ የሚቆም ምሰሶ ነው፤ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ከአግድም አልፎ ውጫዊ ጫፉ ወደ ላይ እንዲያዘነብል ያህል መኪናው ከወረደ፣ አካሉ የሚያጋድልበት ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህም የተነሣ ዝቅ ያለው መኪና ከቀድሞው የበለጠ የመጋደል ጉልበት ሊያገኝ ይችላል። በሜዳ ላይ በ45 ሚሊሜትር የማይረኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሞላው በሚገጠምበት ቀን ለመካኒኩ ሁለት ነገር ይንገሩት። ቦኮላ (የላስቲክ ማስገቢያ) ያለባቸውን የብራቾ ብሎኖች መኪናው በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እንዳያጠብቃቸው፤ ጎማዎቹ መሬት ነክተው ክብደት ከተሸከሙ በኋላ ይጠበቁ፤ አለዚያ ላስቲኩ ዘወትር ተጠማዞ ስለሚኖር ቶሎ ይቀደዳል። ሁለተኛው አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል፣ ነው፤ ሞላው እስኪሰፍር ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ነድተው ያሠሩት። ለመንገድም ለሜዳም የፊት ጎማው ራሱ ወደ ውስጥ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ቢያዘነብል መልካም ነው፤ ይህን ለማግኘት በምሰሶው ላይ የሚገባ የሚስተካከል ብሎን ይበቃል። የጎማውን ውስጠኛ ጠርዝ ቶሎ የሚበላው ግን ከማዘንበሉ ይልቅ የፊት ጎማዎቹ ተከፍተው ወይም ተዘግተው መቆማቸው ስለሆነ፣ እሱን ወደ ዜሮ አስጠግተው ያስተካክሉት።

በመጨረሻ መንገዱን ያስቡ። መኪናዎ ከፋብሪካ ሲወጣ ከመሬት ያለው ክፍተት ከ125 እስከ 130 ሚሊሜትር ነው፤ 45 ሲቀንሱ ከ80 እስከ 85 ይቀርዎታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርደው ወደ ደጀን ሲወጡ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን እያሳበጠና እያሰመጠ የሚኖርበት ረጅም ክፍል አለ፤ እዚያ ላይ ከፊት የሚሄደው ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ መንገድ መርጠው ለመሄድ ቦታ አይኖርዎትም። ክረምት ላይ ደግሞ በእንጅባራ አካባቢ በዝናብ ውኃ የተሞላ ጉድጓድ ጥልቀቱን አያሳይም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ መኪና በሌላ የሚተካ አይደለም፤ እንዲጠብቁት ከልቤ እመኛለሁ። 20 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከተመጣጠነ አሞርዛተርና ከጥሩ ጎማ ጋር፣ በሜዳውም ያስደስትዎታል፣ ዳንግላም በሰላም ያደርስዎታል።

ጥያቄ፦ መካኒኬ አዲስ ሞላ ከመግዛት ያለውን ሞላ አንድ ተኩል ዙር ቆርጠን ብናሳጥረው በጥቂት ብር ይሆናል ይለኛል። ካልሆነም በእሳት አሙቀን እናስተኛዋለን ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?
(አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ሁለቱንም አይቀበሉ፤ ሁለቱ ግን በጉዳታቸው እኩል አይደሉም። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልዩ የሙቀት አያያዝ ነው። በእሳት ሲሞቅ ያ ጥንካሬ በሞቀበት ቦታ ይጠፋና ሞላው ከዕለት ወደ ዕለት እየተኛ ይሄዳል፤ ሊሰበርም ይችላል፤ አራቱም ጥግ እኩል ስለማይሞቅ መኪናው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እሳት የነካው ሞላ ያለበትን መኪና ዓባይን ይዞ ከመውረድ መቅረት ይሻላል።

መቁረጥ ብረቱን አያበላሸውም፤ ሞላው ግን ይጠነክራል። የሚሠሩ ስድስት ዙሮች የነበሩት ሞላ አንድ ተኩል ሲቆረጥበት የሚቀሩት አራት ተኩል ስለሆኑ ጥንካሬው ከመቶ 33 ያህል ይጨምራል። ችግሩ ከጫፉ ላይ ነው። በፋብሪካ ጫፉ ተስተካክሎ በመቀመጫው ውስጥ እንዲገጥም የተሠራ ሞላ ከተቆረጠ በኋላ በትክክል አይቀመጥም። እንዲሁም ጎማው ከመሬት ሲነሣ፣ ማለትም በክሪክ ሲነሣ ወይም ጉድጓድ ሲዘል፣ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊለቅ ይችላል። ሲመለስ ተጣሞ ከተቀመጠ ጎማውን ሊቀድ ወይም መሪውን ሊይዝ ይችላልና ለጥቂት ብር ሲባል የሚደረግ አይደለም። ገንዘቡ አሁን ከሌለዎት በፋብሪካው ሞላ መቆየት ከሁሉም ይሻላል።

ጥያቄ፦ አጭር ሞላ ካስገጠምኩ ወዲህ መሪ ስጠመዝዝ ከፊት በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሞላው ተበላሽቶ ይሆን?
(አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ሞላው ራሱ ላይሆን ይችላል። መኪናው ቆሞ ሳለ ሌላ ሰው መሪውን እየጠመዘዘልዎ እጅዎን በሞላው ላይ ቀስ ብለው ያሳርፉ፤ ጣትዎን ግን በዙሮቹ መካከል አያስገቡ። ሞላው ተወጥሮ ቆይቶ በድንገት ሲመለስ ከተሰማዎት፣ ወይ የሞላው ጫፍ ከመቀመጫው ጉድብ ጋር አልተገናኘም፣ ወይ ደግሞ ከላይ ያለው የመሽከርከሪያ ኩሽኔታ አልቋል ወይም ተገልብጦ ገብቷል። ሁለቱም አሞርዛተሩን አውርዶ በማስተካከል ይፈታሉ። በእጅዎ ምንም ሳይሰማዎት ድምፁ ከቀጠለ የስታብላይዘሩን (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) ማያያዣና የታችኛውን ቦል ጆይንት (በብራቾው ጫፍ ያለውን መገጣጠሚያ) ያስፈትሹ፤ ቦል ጆይንቱ ልል ሆኖ ከተገኘ ሳይቀየር መኪናውን ከከተማ አያውጡት።