መልስ፦ ብሎግን ለክፍል ትምህርት ስለመጠቀም

ተማሪዎችዎ ድርሰታቸውን በደብተር ፈንታ በብሎግ ቢጽፉ ምን እንደሚጠቅማቸው ጠይቀዋል። በእኔ ግምት ትልቁ ጥቅም አንባቢ ማግኘታቸው ነው፤ ለመምህሩ ብቻ ሲጽፍ የኖረ ተማሪ የክፍል ጓደኞቹ እንደሚያነቡት ሲያውቅ ሐሳቡን አጥርቶ ለማስረዳት ይገደዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ወርድፕረስ የተባለው የብሎግ ማዘጋጃ ሶፍትዌር የእያንዳንዱን ጽሑፍ የቀድሞ ቅጂዎች ስለሚያስቀምጥ፣ ተማሪው የትኛውን አንቀጽ እንደሰረዘና የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳቃና የመጀመሪያውን ረቂቅ ከመጨረሻው ጋር አስተያይተው ማየት ይችላሉ (እኔ ካለቀው ድርሰት ይልቅ ይህንን ማየት እመርጣለሁ)። አስተያየቶች እርስዎ ሳያዩአቸው እንዳይወጡ ቅንብሩን አስቀድመው ያስተካክሉ፤ የልጆቹ ሙሉ ስምና ፎቶም ጨርሶ አይውጣ። «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ አስተያየት ስላልሆነ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከጓደኛው ጽሑፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ጥያቄ እንዲያነሣበት ያድርጉ።