ስልኩ ለምን ራውተር ላይ ተሰካ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ መደበኛ ስልክ የምትልኩልኝ ጥያቄ በዛ። ብዙዎቹ ስለሚመሳሰሉ እያጣመርኩ ልመልሳቸው።

«የስልክ ድርጅቶች ‹ወደ አይፒ ተሸጋገርን› ይላሉ። ስልክ ያው ስልክ ነው። ምኑ ነው የተቀየረው?»

መንገዱ። አይፒ ኢንተርኔት መረጃ የሚልክበት አሠራር ነው፤ ስልኩም አሁን የሚሰካው የቤቱን ኢንተርኔት በሚያከፋፍለው ሣጥን፣ በራውተሩ ላይ ነው። በድሮው አሠራር ሲደውሉ ከእርስዎ ቀፎ እስከ ተጠሪው ቀፎ ድረስ አንድ መስመር ይያዝልዎታል። መጀመሪያ ላይ ኦፕሬተሮች ገመድ በእጃቸው እየሰኩ ነበር የሚያገናኙት። ከዚያ አልመን ስትሮውጀር የሚባል አሜሪካዊ ይህን የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ፤ ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ሰውየው ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ኦፕሬተሯ ደንበኞቼን ለተፎካካሪዬ ታገናኝብኛለች ብሎ ተናድዶ ነው የፈለሰፈው ይባላል። ንዴት አንዳንዴ ሥራ ይሠራል።

ማሽኑ ዲጂታል ከሆነም በኋላ ሐሳቡ ያው ነበር። ድምፅዎ በሰከንድ 8000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆኑ ስምንት አሃዞች ይጻፋል። በሰከንድ 64 ሺህ ቢት መሆኑ ነው። ይህ ቦታ ስልኩን እስኪዘጉት ድረስ የእርስዎ ብቻ ነው፤ ዝም ቢሉም፣ ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በር ሊከፍቱ ቢሄዱም። ኮንትራት መኪና እንደመያዝ ነው፤ ሄዱበትም አቆሙትም ተይዟል።

በአዲሱ አሠራር የተያዘ መስመር የለም። ድምፅዎ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሚሊሰከንድ ልክ ይቆረጣል፤ በሰከንድ 50 ቁራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ቁራጭ አድራሻ ተለጥፎበት ከሌላው ሰው ቪዲዮና ኢሜይል ጋር እየተጋፋ ይጓዛል። ቁራጩ ፓኬት ይባላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፖል ባራን በአሜሪካ፣ ዶናልድ ዴቪስ በብሪታንያ ለየብቻቸው ደረሱበት። ‹ፓኬት› የሚለውን ስም ያወጣው ዴቪስ ነው።

«ታዲያ አንድ ጥሪ የሚይዘው ቦታ ቀነሰ ማለት ነው?»

የሚገርመው፣ ድምፁ ካልታመቀ ይጨምራል! አንዷ የ20 ሚሊሰከንድ ፓኬት 160 ባይት ድምፅ ትይዛለች፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። በላዩ ላይ ቢያንስ 40 ባይት አድራሻና ምልክት ይለጠፍባታል። ያ 64 ሺህ ቢት 80 ሺህ ይሆናል። ድምፁን አምቆ መላክ ይቻላል፤ ዝምታውንም አለመላክ ይቻላል። የድርጅቶቹ ዋና ትርፍ ግን ሌላ ቦታ ነው። ለድምፅ አንድ፣ ለኢንተርኔት ሌላ እያሉ ሁለት ኔትወርክ ማስተዳደር ይቀርላቸዋል። የድሮዎቹ ማሽኖች መለዋወጫም እየጠፋ ነው፤ የሚያውቋቸው ቴክኒሻኖችም ጡረታ እየወጡ ነው።

«የድሮው ስልክ መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። አዲሱ ለምን አብሮ ይሞታል?»

በብዛት የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። የመዳቡ ሽቦ ድምፅ ብቻ አልነበረም የሚያመጣው። ከስልክ ማዕከሉ ባትሪ 48 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ይዞ ይመጣ ነበር። ቤትዎ ቢጨልምም ማዕከሉ ይመግበው ነበር። አሁን በመዳቡ ምትክ የሚገባው ፋይበር ግን መስታወት ነው፤ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ቤት ያለው ሣጥን ከራስዎ ሶኬት መብላት አለበት።

ይህን ድርጅቶቹ ጮክ ብለው ሲናገሩ አልሰማም። ባትሪ የመጠበቁ ኃላፊነት ከማዕከሉ ወጥቶ ደንበኛው ላይ ወድቋል። በብሪታንያ የድሮው ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ሊዘጋ ታቅዶ ነበር። በኋላ ወደ ጃንዋሪ 2027 ተገፋ። አንዱ ትልቅ ምክንያት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን የእርዳታ መጥሪያ ቁልፍ በስልክ መስመር የሚጠቀሙ አረጋውያንና ሕሙማን ነበሩ።

ቤትዎ እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ መስመሩ ከመቀየሩ በፊት ለድርጅቱ ይንገሩ፤ መጠባበቂያ ባትሪም ይጠይቁ። ሲገዙ ደግሞ እንደኔ አይሁኑ። እኔ ለራውተሩ ባትሪ ገዝቼ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ቦግ ብሎ በርቷል፤ ስልኩ ግን ጭጭ። ለካ የፋይበሩ ሣጥን ሌላ ነው፤ እሱንም ባትሪው ላይ መሰካት ነበረብኝ።

«ከወንድሜ ጋር ስናወራ እኩል እንጀምርና ‹ቀጥል፣ አንተ ቀጥል› እንባባላለን።»

መዘግየት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመረጣል ይላል። ፓኬቶች እኩል አይደርሱም። ስለዚህ ተቀባዩ መሣሪያ ጥቂት አቆይቶ ያሰልፋቸዋል፤ ይህም ጊዜ ይበላል። በጣም የዘገየችው ትጣላለች። እንደገና አትላክም፤ ቃሉ ካለፈ በኋላ ብትደርስ ምን ትሠራለች? ቤት ውስጥ ትልቅ ፋይል የሚጭን ሰው ካለ ያስቁሙትና ይሞክሩ።

«ፋክሳችን መሥራት አቆመ።»

ፋክስ ድምፅ የሚያሰማው ለማሽን እንጂ ለሰው አይደለም፤ ለሰው ጆሮ ተብሎ የታመቀ ድምፅ ውስጥ ይበላሻል። ፋክስን በአይፒ ላይ የሚያስተላልፈውን ‹ቲ.38› የሚባል አሠራር ይደግፉ እንደሆነ ድርጅቱን ይጠይቁ። ካልሆነ ስካን አድርጎ በኢሜይል መላክ ነው።

«ሞባይሌ 4ጂ ነው። 3ጂ ሲዘጋ ኢንተርኔቱ እየሠራ መደወል ግን እምቢ አለ።»

4ጂ ከመነሻው የተሠራው ለፓኬት ብቻ ነው፤ ለድምፅ የሚያዝ መስመር የለውም። ብዙ ስልኮች ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዱ ነበር። የሚወርዱበት ሲጠፋ ይቸገራሉ። መፍትሔው ድምፁንም በ4ጂ ላይ መላክ ነው፤ ‹ቮልቲ› (VoLTE) ይሉታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የሞባይል ኔትወርክ የሚለው ሥር ይፈልጉት። ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት። ጭራሽ ከሌለ ስልኩን ከመቀየርዎ በፊት ሶፍትዌሩን አዘምነው ይሞክሩ፤ አንዳንዱ ስልክ ላይ ከዝመና በኋላ ይመጣል።